ዱዓ የተደረገበት ቁጥር

አንድ ነገር አቶ አብዱልሰመድ ጭንቅላት ውስጥ ከገባ በዶማ ቢቆፍሩት አይወጣም። በዚያ ሚያዝያ የገባባቸው ፓይ ቻርት ነበር።

«ሒክማ፣ ስሚኝማ! ሃያ ሁለቱም ቀበሌ ባንድ ክብ ውስጥ። ከለሩ ደመቅ፣ ጎኑ ወፈር ይበል። እንግዶቹ ገና ሲያዩት አፋቸውን እንዲይዙ ነው የምፈልገው» አሉና በሩን ጎትተው ሄዱ።

አፍ ማስያዙንስ ያሲዛል! ሃያ ሁለት ቦታ የተቆራረጠ ክብ ያየ ሰው ምን ብሎ ይናገራል? ግን ሒክማ ምን ትበል፤ አለቃ ናቸው። ለውጡ የመጣ ሰሞን «ከእንግዲህ ወረቀት ቀረ፣ ሁሉም በኮምፒዩተር» ተብሎ ውጫሌ ወረዳ ቢሮ ስትቀጠር ያልኮራባት ዘመድ አልነበረም። ከዚያ ጦርነቱ መጥቶ አምባሰል ላይ ተንከባለለ። የቢሮው ኮምፒዩተር ሄደ፣ ወንበሩ ሄደ፣ የመስኮቱ መስታወት እንኳ ሄደ። የተረፈው እሷ ስትሸሽ በነጠላ ጠቅልላ ያዘለችው አንድ ላፕቶፕ ነው። እንግዲህ የወረዳው ጥፋት ሁሉ እዚያች ላፕቶፕ ውስጥ በረድፍና በአምድ ተደርድሮ ይጠብቃታል።

እንግዶቹ የጤፍ ዘር የሚሰጡ የርዳታ ድርጅት ሰዎች ናቸው። ዘሩ ለሁሉም አይዳረስም። ሐይቅ ከተማ አዳራሽ ውስጥ ከየቀበሌው ሽማግሌ ይጠራል፣ ግራፉ ግድግዳ ላይ ይበራል፣ ከዚያ በጣም የተጎዱት አምስት ቀበሌዎች ይመረጣሉ። አለቀ። ማመልከቻ የለ፣ ይግባኝ የለ።

ሒክማ አለቃዋ ያሉትን ሠራች። ከሃያ ሁለቱ ግማሾቹ ክር አከሉ። ትንንሾቹን ብታጠራቅማቸው «ሌሎች» የሚል አንድ ግራጫ ቁራጭ ወጣቸው። ዋሮም እዚያ ውስጥ ገብታ ጠፋች። ዋሮ ደግሞ የሒክማ አገር ናት፤ እናቷ መሪማና ታናሽ እህቷ ሱረያ ያሉባት፣ ከግሸን ፊት ለፊት ገደል ላይ የተለጠፈች፣ መውጫዋም መግቢያዋም አንድ በር የሆነች ቀበሌ።

ሱረያ ቁርጡን ነግራታለች። «ዘር ከመጣ እቀራለሁ። ካልመጣ ግን ወላሂ ክረምቱን ዋሮ አልቀበለውም።» ከደላላ ጋር ጨርሳለች፤ በባቲ ወርዳ፣ በረሃውን አቋርጣ፣ ባሕሩን በጀልባ፣ ወደ ዐረብ አገር። አምና በዚያው መንገድ የሄደች ጓደኛዋ ረቢያ እስከ ዛሬ ድምጿ አልተሰማም። የረቢያ እናት ስልክ በጮኸ ቁጥር ትደነግጣለች። ሱረያን ደግሞ ሒክማ በእጇ አሳድጋታለች እኮ!

ፓይ ቻርቱን ሰርዛ ባር ግራፍ አደረገችው። አሁን ሃያ ሁለቱም ቀበሌ በደንብ ይነበባል። ዋሮ ግን ከሁሉ ታች፣ አጭሯ ባር ሆና ተቀመጠች። በላይን ግራፍ ትሞክረው? መስመር ከወር ወር የሚሄድን ነገር ያሳያል እንጂ ቀበሌን ከቀበሌ አያስተያይም። በመቶኛም ሞከረች፤ ዋሮ ያው ታች። የቋሚውን መስመር መነሻ ከዜሮ ነቅላ ወደ ላይ ብታደርገውማ ትንሹም ልዩነት ተራራ ያክላል። «ይሄማ ዋሮን ጭራሽ ያሳንሳታል፤ ደግሞም ቁጥሩን ሳይነኩ መዋሸት ነው» ብላ ተወችው። ደግሞስ ጥፋቱ የግራፉ መች ሆነ? ጥፋቱ ከሥሩ፣ ከቁጥሩ ነው።

መረጃውን የሰበሰበው ባድሩ የሚባል የሐይቅ ልጅ ነበር። ዋሮ ወጥቶ ቤት ለቤት «ስንት ጉድጓድ እህል ጠፋባችሁ?» ብሎ ጠየቀ። ዋሮዎች እህላቸውን በጉድጓድ ነው የሚያኖሩት። እነሱም «አልሐምዱሊላህ፣ ምን ጎደለብን» አሉት። ባድሩ ምን ያድርግ፤ የተባለውን ጻፈ። ጦሩ ዋሮ ላይ የከረመ ጊዜ ጉድጓዱ ሁሉ ተፈልፍሎ እህሉ እንደተጫነ አገር ያውቃል። ኤክሴል ግን አገር የሚያውቀውን አያውቅም።

ሒክማ ቅዳሜ ዋሮ ወጣች። ቀጥታ የሄደችው ሸኽ ኑርዬ ዘንድ ነው። ሸኽ ኑርዬ የቅሬው አባት ናቸው፤ ቅሬ ማለት ዋሮ ላይ ሬሳውንም እርሻውንም ሠርጉንም አብሮ የሚሸከም ማኅበር ነው፤ ከቅሬ የወጣ ሰው ቢሞት ቀባሪ የለውም።

«ሸኽ፣ አፈር ስሆን፣ ሰዉ የጠፋበትን እውነቱን ይናገር ይበሉልኝ። ዘሩ ሊያመልጠን ነው» አለቻቸው።

«ጌታችንን፣ ረቢን፣ ለፈረንጅ እንክሰሰው ነው የምትዪኝ?»

«መክሰስ አይደለም፣ መቁጠር ነው እኮ።»

«እሱን ነው ያልኩሽ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚ ልጄ። ያን ሁሉ ጉድጓድ ያ እንግዳ ወታደር በራሱ አገኘው? ኸኛው የጠቆመ አለ። ማን እንደሆነ አላህ ያውቃል። ጦሩ የወጣ ዕለት እህሉ የተጫነበት ሐቢብ ኸነልጆቹ ጠቋሚ ፍለጋ ጠመንጃውን ይዞ ዋርካው ሥር ቆሞ ነበር። ያን ቀን ዱዓ አስደረግሁ። የሁላችንም ጠፍቷል፣ ጠቋሚ የለም፣ ፋቲሓ ቀርተን ዘግተነዋል፣ ኸእንግዲህ የሚቆጥር ኸኛ አይደለም ተባለ። በዚያች ዱዓ ነው አንድ ነፍስ ሳይጠፋ እዚህ የደረስን።»

ሒክማ ተነስታ ወደ እናቷ ቤት ስትወርድ እንባዋ ይወርዳል።

እናቷ መሪማ ልጇን ስታይ እንደ ልማዷ ምስጋናዋን ጀመረች። «አልሐምዱሊላህ፣ ፍየሊቱ ተረፈችልኝ። ጣራውም ተረፈልኝ። ጉድጓዴም ተረፈልኝ፣ ምን ልበለው ጌታዬን!»

ሒክማ እንባዋን ሳትጠርግ ቀና አለች። «ጉድጓድሽ ተርፏል?»

ተርፏል። የፍግ ክምር ሥር ስለነበረ አልታየም። መሪማ ግን እንዲያው ተረፈልኝ ብላ አልተቀመጠችበትም። ክረምት ከበጋ፣ ሱብሒ ሳይጠራ እየተነሳች፣ ከማሽላው እየዘገነች፣ ልጅ በሚያለቅስበት ቤት ደጃፍ እያስቀመጠች ተመልሳለች። የሐቢብም ቤት አንዱ ነው። ማን እንዳስቀመጠው የሚያውቅ የለም፤ ሱረያ ብቻ ታውቃለች፤ እሷንም በቁርዓን አስምላታለች። «ሶደቃ ኸተወራ ሶደቃ አይደለም፣ ለሰው የታየ ለአላህ አይደርስም» አለቻት ሒክማንም። አሁን ጉድጓዱ ሥር የቀረው ጥቂት ነው።

ሒክማ ግን ሐሳቧ ሌላ ቦታ ሮጧል። ዋሮ የጠፋውን አይቆጥርም እንጂ የተረፈውን ይቆጥራል! የተረፈን መቁጠር ሹክር ነው፣ ለአላህ ምስጋና፤ ማን ይከለክለዋል? ከጦርነቱ በፊት ስንት ጉድጓድ እንደነበረ ላፕቶፑ ውስጥ በተረፈው የግብርናው መዝገብ አለ። የተረፈው ከታወቀ፣ ሁለቱን ባሮች ጎን ለጎን ማቆም ነው፤ «ያኔ» እና «ዛሬ»። የሌሎቹንም ቀበሌዎች ከነበራቸው ላይ የጠፋውን ቀንሳ እንዲሁ ታቆማቸዋለች። ማንም ሳይዋሽ፣ ማንም ዱዓ ሳያፈርስ! ደስታዋን ለሱረያ ብትነግራት «ኧረ ተይ አንቺ!» ብላ ከወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ከዚያ ቤት ለቤት ዞረች። «አላህ ምን ተወላችሁ?» ነው ጥያቄዋ። «ስም አልጽፍም፣ ድምሩን ብቻ ነው» ብላ ቃል ገባች። ምስጋናው ጎረፈ፤ ዶሮ፣ ማረሻ፣ የልጅ ጤና። ጉድጓድ የተረፈው ግን ከመሪማ ሌላ የሦስት ቤት ብቻ ነው። ሁለቱ በሹክሹክታ ነገሯት። ሦስተኛው ሸኽ ኑርዬ ራሳቸው ናቸው። መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ፣ ሊያዩዋት ሳይደፍሩ፣ «ኸአጥሩ ጥግ ያለችው አልተነካችም። ለአላህ ስል ነው የምነግርሽ፤ ሹክሩን መካድ ፈራሁ» አሏት። ስለዚህ ድምሩ አራት ሆነ።

ውጫሌ ተመልሳ ግራፉን ሠራችው። ያኔው ግራጫ፣ ዛሬው ብርቱካናማ። ከሁሉ ያነሰ የተረፈው ቀበሌ መጀመሪያ እንዲመጣ ደረደረችው፤ ዋሮ ከፊት ቆመች። የዋሮ ግራጫ ባር እስከ ላይ ይወጣል፤ ብርቱካናማዋ ግን ከመሬት ከፍ ያለች አትመስልም። ዜሮ እንዳይመስል ፈራች። የተማረችው፣ ባር ካነሰች ቁጥሯን ከላይ ጻፍባት ነው። ሰው አምኖ የነገራትን ሹክር ዜሮ ብላ ማሳየትም ነውር መሰላት። ስለዚህ ከትንሿ ባር አናት ላይ በደማቁ «4» ብላ ጻፈች።

አቶ አብዱልሰመድ ግራፉን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። «ክቡስ?»

«ክብ አንድን ነገር ለጥቂት ሰው ሲያካፍሉ ነው ጋሼ። ይሄ ሃያ ሁለት ቀበሌ ነው፤ ያውም የትናንትና የዛሬ።»

«እንግዶቹ ባይገባቸው እኔ የለሁበትም!» አሉና ነገሩ በዚያው ቀረ።

ሐይቅ አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ከዋሮ ሸኽ ኑርዬና ሐቢብ መጥተዋል። ግራፉ ግድግዳው ላይ ሲበራ አዳራሹ በአንድ አፍ «ውይ!» አለ። ሰው ሁሉ የሚያየው በግራጫውና በብርቱካናማው መካከል ያለውን ባዶ ነው። የእንግዶቹ አለቃ ብድግ ብላ፣ «መጀመሪያ ዋሮ» አለች፤ ሌሎቹን አራቱን ገና ትመርጣለች። አቶ አብዱልሰመድ በፈገግታ ተነፉ። «እኔ'ኮ ይሄንኑ ነው ሥሪ ያልኳት!» ሲሉ ተሰሙ፤ ኧረ እግዜር ያሳያችሁ!

ሒክማ በደስታ ልቧ ሊወጣ ደረሰ። ሱረያ ቀረች! ልትደውልላት ወደ ውጭ ስታመራ ሐቢብ ነጠላዋን ያዝ አደረገ።

«ልጄ፣ ያቺ ትንሿ ምንድናት? ያቺ አራት።»

«የተረፈ ነው» አለች፣ ሳታስብ።

«የምን የተረፈ?»

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ሒክማ የሸኽ ኑርዬን ፊት አየች፤ አመድ መስሏል። አዳራሽ ሙሉ ሰው ባዶውን ሲያይ፣ እነዚህ ሁለት ሰዎች ብቻ ከታች ያለችውን ቁራጭ ያያሉ። ሐቢብ ሌላ አልጠየቀም። «የሁላችንም ጠፍቷል ተብሎ አልነበረም እንዴ ዱዓው» አለና ቆቡን አስተካክሎ ወጣ።

ዘሩ በሰኔ ዋሮ ደረሰ። ቤት ለቤት እኩል ተከፈለ፤ የመሪማም ደረሳት። ሱረያ ለደላላው «አልሄድም» ብላ ደወለች። ግን አገሩ ጤና አልነበረም። ውኃ ላይ፣ ወፍጮ ላይ፣ መስጊድ ደጃፍ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለው፤ አራቱ የማን ናቸው? የሁሉ ሲጠፋ የነሱን ማን ሸሸገላቸው? የጠቆመ ሰው የራሱን አይጠቁምም! ሰው ይሄን ሲያብላላ ዓይኑ ይቀላል። ሐቢብም ልጆቹን ሰብስቦ ጠመንጃ መወልወል ጀመረ ተባለ።

በመጨረሻ ቅሬው ዋርካው ሥር ተጠራ። ሒክማም ከውጫሌ ተጠርታ ወጣች። ዝናቡ ያካፋል፤ ሰዉ ጋቢውን ተከናንቦ ክብ ሠርቶ ተቀምጧል። ሐቢብ ተነሳ።

«ቁጥሩን የቆጠረችው እሷ ናት። ትናገር። የማን ናቸው?»

«ስም አልጻፍሁም» አለች ሒክማ።

«በልብሽስ?»

ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የሒክማ ግን እዚያው ነቀዘ። ከሸኽ ኑርዬ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። እሳቸው እንደምታውቅ ያውቃሉ። «የእርስዎም አለበት» ብትል ዋሮ ለሁለት ይሰነጠቃል፣ የሐቢብ ልጆች ጠመንጃ እዚያው ጉልበታቸው ላይ ነው። ደግሞ ቃል ሰጥታለች።

መሪማ ተነሳች። «ልጄን አታስጨንቋት። አንዱ የኔ ነው። ኸፍጉ ሥር ነበር፣ ተረፈልኝ፣ አልሐምዱሊላህ።»

ጉምጉምታው ተነሳ። «ሌሎቹስ?» ብሎ ሐቢብ ዞሮ አየ። አንድም የተነሳ የለም። ሁለቱ ሰዎች መሬት መሬት ያያሉ። ሸኽ ኑርዬ መቁጠሪያቸው ላይ ጣታቸው ቆሟል። «ተነሡ እንጂ! ተነሡ እንጂ ሸኽ!» ትላለች ሒክማ በሆዷ። አልተነሡም።

«የተነሣችው አንድ ናት» አለ ሐቢብ። «እንግዲህ ጠቋሚው ታወቀ።»

«ደም የለም!» አሉ ሸኽ ኑርዬ በተሰበረ ድምፅ። «ደም የለም። መሪማ... መሪማ ለአንድ ዓመት ኸቅሬው ትውጣ። ይብቃ።»

መሪማን ከሐቢብ ልጆች ያዳኗት እሳቸው ናቸው። ይሄ እውነት ነው። እሷን አስወጥተው ራሳቸውን ያዳኑትም እሳቸው ናቸው።

ቤት ሲገቡ ሒክማ እናቷ እግር ላይ ወደቀች። «እማ፣ ልናገርልሽ! ሐቢብ ልጆቹን ያሳደረው ባንቺ ማሽላ ነው። አንድ ቃል ብቻ ብል ይበቃል!»

«ለአላህ የሰጠሁትን ለሐቢብ ልሽጥለት? ወላሂ ብትናገሪ ጡቴን አልምርልሽም።»

ከጦርነቱ በኋላ ዋሮ ላይ በሬ የለም። ቅሬው በስሙ ለምኖ ከማዶ ቀበሌ ያመጣቸው ጥማዶች በየቤቱ ተራ ያርሳሉ። ተራው ከላይ ሰፈር ጀምሮ ወረደ፤ እነ ሀምዱ ታረሰላቸው፣ እነ መስኡዳ ታረሰላቸው። መሪማ ማሳ ድንበር ሲደርስ በሬዎቹ ተፈትተው ወደ ቀጣዩ ማሳ ተነዱ። ሱረያ ዶማ ይዛ ወጣች። እጇ እስኪላጥ ቆፈረች፤ የቆፈረችው ግን አንድ ምንጣፍ የሚያህል ነው። ሐምሌው ገፋ። ዘሩ እንደታሰረ ቤት ውስጥ ተቀመጠ።

አንድ ጠዋት ሒክማ ቢሮ እንደገባች ሱረያ ከመናኸሪያ ደወለች። እየሮጠች ወረደች። እህቷ የባቲ ሚኒባስ አጠገብ አንዲት ትንሽ ፌስታል ይዛ ቆማለች።

«የትም አትሄጂም!» አለች ሒክማ ክንዷን ይዛ። «እኔ ጋ ትቀመጫለሽ። ሥራ እፈልግልሻለሁ።»

«የጠቋሚ ልጅ ማን ይቀጥራል? ወሬው ውጫሌ ገብቷል እኮ። አሁን እዚሁ መናኸሪያ አንዷ ፊቷን አዞረችብኝ።»

«እማስ?»

«ዘሩን ለጎረቤት ስጪልኝ ብላኛለች። ደጃፋቸው አስቀምጬላቸው መጣሁ።» ሳቅ የሚመስል ነገር ወጣት። ከዚያ ጠጋ ብላ፣ ድምጿን ቀንሳ፣ «ሦስቱን ታውቂያቸዋለሽ አይደል?» አለች።

ሒክማ ዙሪያዋን አየች። ረዳቱ «ባቲ! ባቲ! አንድ ሰው!» ይላል። ስሞቹ አፏ ውስጥ ናቸው፤ አንዱን ብታወጣው እህቷ እዚሁ ወደ ዋሮ ትመለስ ነበር፣ እናቷም ነፃ ትወጣ ነበር። ማግስቱን ደግሞ ዋርካው ሥር የሚፈሰውን ደም አየችው።

«አላውቅም» አለች።

ሱረያ ክንዷን ቀስ አድርጋ ከሒክማ እጅ አስለቀቀችው።

«እንግዲያው ሽኚኝ» አለቻት።